በጭን የሄደው ካርድ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ በስሜ የወጣውን የዕቃ ዝርዝር ዘርግቶ አንድ በአንድ ይጠራልኝ ጀመር። ባለመስቀል ካቻቢቴ ሦስት፤ አለ። ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ሁለት፤ አለ። ቴስተር አንድ፤ አለ። የአቧራ መንፊያ አንድ፤ አለ፣ ግን አይነፋም፤ እሱንም "አገልግሎት የማይሰጥ" ብለን ጽፈን ተፈራረምን። ከሣጥኔ ሥር ተጣጥፎ የተቀመጠውን ነጭ ጨርቅ ሲያገኝ ግን እጁ ቆመ።

"ይኼስ ምንድነው፣ እትዬ ዘነበች?"

"ጥምጣም ነው።"

"የማን ጥምጣም?"

"የጋሽ ሐሚድ።"

ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየውና "እዚህ የለም" ብሎ መለሰልኝ። ጨርቁን በጉያዬ ይዤ ከግቢው ወጣሁና ባጃጅ ጠርቼ ቤቴ ገባሁ። መሥሪያ ቤቱ የሰጠኝ የምስጋና ወረቀት በመስታወት ሆኖ ሳሎን ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ የሚጠይቀኝ ስለ እሱ ነው፤ እኔ ልጽፍ የተቀመጥኩት ግን ስለ ጨርቁ ነው።

ሲጀመር ኮምፒውተር ጠጋኝ እሆናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ከወሎ በሰፈራ ከመጡት ቤተሰቦች አንዱ የኛ ነው። አባቴ መሬት ሲመነጥር እኔ አሶሳ ገብቼ ታይፕ ተማርኩና በጽሕፈት ሥራ ተቀጠርኩ። ስለ ደመወዙ አልጽፍም፤ ያኔም ለማንም አላወራሁትም። የታይፑን ሪባን ስቀይር፣ በቀለም የተደፈነውን ፊደል በነጭ ጋዝ ሳጥብ ያዩኝ ሰዎች "ዘነበች እጇ ብረት ያውቃል" ማለት ጀመሩ። እኔም ሲወራልኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

የመጀመሪያው ኮምፒውተር የመጣ ጊዜ አለቃችን የክፍሉን ቁልፍ በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። ስንገባ ጫማ እናወልቃለን። ማሽኑ ላይ የአለቃችን ሚስት የሠራችው ዳንቴል እስከ ጠረጴዛው ድረስ ወርዶ ተደርቦበታል። ከሰዓት በኋላ የአሶሳ ሙቀት ሲበረታ ማሽኑ ድርግም ይላል፤ ምክንያቱ ዳንቴሉ መሆኑን ሁሉም ሰው ይጠረጥራል፣ የሚደፍር ግን የለም። አንድ ቀን እኔ አንሥቼ ጠረጴዛው ላይ አነጠፍኩት። ማሽኑ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሠራ። አለቃችን ሁለት ቀን አኮረፈኝና በሦስተኛው ቀን ወደ ጥገና ክፍል መዛወሬን የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ቅጣት ይሁን ሹመት እስከ ዛሬ አልገባኝም።

የጥገና ክፍሉ ማለት ጋሽ ሐሚድ ማለት ነው፤ ሌላ ሰው አልነበረበትም። ጋሽ ሐሚድ የአሶሳ ዙሪያ ተወላጅ፣ በርታ ነው። በወጣትነቱ ኩርሙክ ገበያ ውስጥ ከሱዳን የሚገቡ ሬዲዮኖችን ሲጠግን ቆይቶ ነው መንግሥት ቤት የገባው። አማርኛን የለመደው ከደንበኞቹ ስለሆነ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው እኔን "አንተ" እያለ ነው የጠራኝ። "ያ ቢንቲ" ይለኛል፣ ልጄ ማለቱ ነው፤ ወዲያው ቀጥሎ "አንተ ብዙ ትቸኩላለህ" ይለኛል። እውነቱን ነው፣ እቸኩላለሁ። ገና ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ካቻቢቴ የማነሣ ሰው ነበርኩ።

እሱ ካቻቢቴ የሚያነሣው በመጨረሻ ነው። ማሽን ሲመጣለት መጀመሪያ ባለቤቱን ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። "ሥራህን ሥራ። እኔ ያያል" ይለዋል። ከጎኑ ተቀምጦ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ያያል። ደብዳቤ የሚጽፈው ደብዳቤውን ይጽፋል፣ ደመወዝ የሚሠራው ደመወዙን ይሠራል። አንዳንዱ ይተክዛል፣ አንዳንዱ ይናደዳል። ጋሽ ሐሚድ ግን በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ የማሽኑንም የሰውየውንም በሽታ ለይቶ ይነሣል።

ቡለን ወረዳ የሄድነው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ማሽኑ በየቀኑ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ይጠፋል ተብሎ ከኛ በፊት የሄዱ ሰዎች ግማሽ ዕቃውን ቀይረውለታል። ጋሽ ሐሚድ ከጸሐፊዋ ጎን ተቀመጠ። አራት ሰዓት ሲል ከጀርባው በር ተከፈተና አንዲት እናት የሻይ ማፍያ ይዘው ገብተው እዚያው ዲቫይደር ላይ ሰኩት። ማሽኑ ጠፋ። ጋሽ ሐሚድ ማፍያውን ነቅሎ ከወዲያኛው ግድግዳ ሰካላቸውና "ኸላስ" አለ፤ አለቀ ማለቱ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ በመኪና የተንገላታነው ለዚህ ነበር። ስቄ ልሞት!

ከፈታም ደግሞ ሥርዓት አለው። ወረቀት ላይ የማሽኑን ቅርጽ በእርሳስ ይሥላል፤ የሚወጣውን እያንዳንዱን ብሎን በሥዕሉ ላይ ከወጣበት ቦታ ያስቀምጣል። የሰውነቱን ኤሌክትሪክ ለማስወጣት የኬዙን፣ የማሽኑን ቀፎ፣ ብረት በመዳፉ ይነካና ቢስሚላህ ይላል። ሲጨርስ ክዳኑን ይገጥምና ብሎኖቹን ያጠብቃል፣ አንዷን ብቻ ያስቀራል። ባለቤቱ ተቀምጦ አንድ የራሱን ሥራ ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ያቺን ብሎን በገዛ እጁ ማሰር አለበት። ካላሰራት ለጋሽ ሐሚድ ሥራው አላለቀም። "ኬዙ ክፍት ነው" ይላል፣ ክዳኑ ተገጥሞ እያየነው። አንድ ትልቅ ሹም "እኔ ነኝ ብሎን የማስረው?" ብሎ ሲቆጣ ጋሽ ሐሚድ ብሎኗን በመዳፉ ዘርግቶ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ቆመ። ሹሙ አሰራት።

ከሁሉም በላይ የምንስቅበት ግን የመንገድ ልማዱ ነበር። ምስሉን ወደ ስክሪኑ የሚልከው ካርድ አለ፤ ስሙ ግራፊክስ ካርድ ነው፣ እኛ ቪጂኤ እንለዋለን። ማሽን ወደ ወረዳ ሲጓዝ ጋሽ ሐሚድ ይህን ካርድ ሁልጊዜ ይነቅለዋል። ጥምጣሙን ከራሱ አውርዶ ይጠቀልለዋል፤ ጭኑ ላይ አስቀምጦ በሁለት እጁ ይዞት ይሄዳል። ሾፌሮቹ "ጋሽ ሐሚድ ዛሬም ሕፃን ታቅፈዋል" ይላሉ። እሱ አይስቅም። "ካርድ መኪና አይወድም፣ ጭን ይወዳል" ብሎ መንገዱን ያያል።

አሁን ለመጻፍ ወደማልወደው ነገር ልግባ።

በየነ የካማሺ ልጅ ነው፣ ጉሙዝ። የመንገድና የድልድይ ንድፍ ይሠራል። በዚያ ዓመት ከካማሺ ከተማ ማዶ ያለውን መንደር ከገበያው ጋር የሚያገናኝ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ እየነደፈ ነበር። መንደሩ የእናቱ መንደር ነው። ወንዙን በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጡ ይሻገሩታል፤ ክረምት ሲገባ ግን ወዲህና ወዲያ ማዶ ተለያይተው ይከርማሉ። ንድፉ ሰኔ መጨረሻ የበጀት ዓመቱ ከመዘጋቱ በፊት ካልቀረበ የድልድዩ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ይህንን እኔም አውቀው ነበር።

የበየነ ኮምፒውተር አሮጌ ነው። ንድፉ እየከበደ ሲሄድ ማሽኑ አቃተው፤ ድልድዩን ሊያዞረው ሲሞክር ስክሪኑ ይደርቃል፣ ግማሹ መስመር ይጠፋል። ማሽኑን ተሸክሞ አሶሳ መጣ። አዲስ ኮምፒውተር በግዢ እስኪመጣ መጠበቅ የሚያስቅ ነገር ነው። መጋዘን ውስጥ ግን ከሌላ ሥራ የተረፈ ባለ ሁለት ፋን ትልቅ ቪጂኤ ነበረን። ጋሽ ሐሚድ በዚያ ሳምንት ለለቅሶ ሸርቆሌ ሄዷል። ሥራው የኔ ሆነ።

አሳምሬ ሠራሁት፤ ይህንንም ልናገር። ካርዱ ረጅም ስለሆነ የሃርድ ዲስኩን መደርደሪያ ሲነካብኝ ዲስኩን ወደ ታች አወረድኩት። የማሽኑ ፓወር ሰፕላይ ለአዲሱ ካርድ እንደማይበቃ አይቼ ከሞተ ማሽን ጠንካራውን አውጥቼ ገጠምኩ። ካርዱ ስሎቱ ውስጥ ቀጭ ብሎ ሲገባ ደስ የሚል ድምፅ አለው። በየነ ተቀመጠ፣ ንድፉን ከፈተ፣ ድልድዩን አዞረው። ገመዱ፣ ጣውላው፣ ከታች ያለው ገደል ሁሉ አብሮ ዞረ።

"እትዬ ዘነበች፣ እዪ! እዪ! እየዞረ ነው!" ብሎ እንደ ልጅ ጮኸ። የመጨረሻዋን ብሎን እየሳቀ አሰራት።

ወዲያው ውጭ ጥሩምባ ተነፋ። ወደ ካማሺ የሚሄደው ፒክአፕ ሞተሩን አስነሥቷል፤ ሾፌሩ ከመሸ በዚያ መንገድ አይነዳም። ብሎኗን መልሶ መፍታት፣ ክዳኑን ማውረድ፣ ካርዱን ነቅሎ በጨርቅ መጠቅለል፤ ቢፈጅ አሥር ደቂቃ ነው። ጥሩምባው ደገመ። "ምን ይሆናል" አልኩ። ማሽኑን ከነካርዱ በጆንያ ጠቅልለን ፒክአፑ ኋላ ላይ አቆምነው፤ እኔም እዚያ ልገጥምለት ከበየነ ጋር ገቢና ገባሁ።

ካርዱ እንደ ጡብ የከበደ ነው፤ የሚይዘው ደግሞ የፕላስቲክ ስሎቱና ከጀርባ ያለች አንዲት ብሎን ብቻ ናት። አስፋልቱን ለቀን ጥርጊያው ላይ ስንወጣ መኪናው መንጠር ጀመረ። መኪናው በነጠረ ቁጥር ከኋላ አንድ ነገር ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ሰማሁት። ሰምቼ ከበየነ ጋር ስለ ሌላ ነገር አወራሁ።

ካማሺ ገብተን ማሽኑን ሰካነው። በየነ ማስነሻውን ተጫነ። ጠሽ አለ፤ ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ማዘርቦርዱም፣ ሃርድ ዲስኩም አብረው ሄዱ።

"መብራቱ ነው!" አለ ከበሩ ላይ የቆመ አንድ ሠራተኛ። "ትናንት የሻይ ቤቱን ፍሪጅ አቃጥሏል።"

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። በየነም አየኝ፤ ፊቱ ላይ ደም የለም። ባለሙያዋ እኔ ነኝ።

"አዎ፣ መብራቱ ነው" አልኩ።

አሶሳ ስመለስም በሪፖርቱ ላይ "በኃይል መዋዠቅ ምክንያት" ብዬ በጥሩ እጅ ጽፌ ፈረምኩበት። በየነ በፍላሽ ያስቀመጠው ቅጂ የሦስት ሳምንት አሮጌ ነበር። በሰው ማሽን ቁጭ ብሎ እንደገና ነደፈ፤ ሰኔ ግን አልጠበቀውም። ገንዘቡ ተመለሰ፣ ድልድዩ ወደሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ። በዚያ ክረምት ወንዙ ሞልቶ የበየነ እናት ማዶ ቀሩ። ለገበያ ያደረቁት ባሚያ ቤት ውስጥ ሻገተ። የበየነ የመጀመሪያ ልጅ ነሐሴ ላይ ተወለደች፤ አያቷ ያቀፏት ወንዙ ከጎደለ በኋላ ነው። ይህንን የሰማሁት ከራሱ ከበየነ ነው፣ በስልክ፤ ሲነግረኝም እኔን እያጽናና ነበር። "ምን ታደርጊዋለሽ እትዬ፣ መብራት ነው" አለኝ።

የተቃጠለው ማሽን አሶሳ ሲመለስ ጋሽ ሐሚድ እንደ ልማዱ ወረቀቱን ሥሎ ፈታው። ካርዱን ሲያወጣ ስሎቱ ከሁለት ተሰንጥቆ ከማዘርቦርዱ ላይ ተላቆ ነበር። በጣቱ ዳሰሰውና ወደኔ አየ።

"ያ ቢንቲ። መብራት እንዲህ ይሰብራል?"

የተሰነጠቀውን ስሎት አየሁ።

"ካርድ ውስጥ ሄደ?"

"አዎ።"

"በየነ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ጥምጣሙን ከራሱ አወረደ፣ በዝግታ አጣጠፈው፣ ጭኔ ላይ አኖረው። "ኬዙ ክፍት ነው" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ጉዳዩን አንሥቶ አያውቅም፤ በማግሥቱ ሌላ ጥምጣም አድርጎ መጣ።

ከዚያን ቀን ወዲህ በጭኔ ያልሄደ ካርድ የለም። ሾፌሮቹ በኔም ሳቁ። ባምባሲ፣ መንጌ፣ ሆሞሻ፣ የትም ስሄድ ጥምጣሙ ጭኔ ላይ ነው። ሥራዬን ወደድኩት፣ ሥራዬም ወደደኝ ማለት ይቻላል። ከአለቆቼ ጋር ተጣልቼ ታርቄአለሁ፤ አንዱ ፋይል የያዘ ማሽን በእርጥብ ጨርቅ ሲያጥብ ደርሼ እጁን መትቼዋለሁ፣ ይቅርታም አድርጎልኛል። የካማሺው ድልድይ በተከታዩ ዓመት ተሠራ። በየነ በየበዓሉ ሰላምታ ይልክልኛል። ባገኘሁት ቁጥር ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ፤ እሱ ሲስቅ ሳየው ደግሞ ስለ ልጁ እጠይቀዋለሁ። ጋሽ ሐሚድ አረፈ። ቀብሩ ላይ ቆሜ፣ እሺ እነግረዋለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ቃሌንም ሳልፈጽም ጡረታ ወጣሁ።

አሁን ቤቴ በረንዳ ላይ፣ ማንጎው ሥር፣ አንድ ጠረጴዛ አለችኝ። በሰፈሩ አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ሁሉ ይመጣል። ላፕቶፕ የሚያመጡትን ወደ ከተማ እልካቸዋለሁ፤ በሙጫ የተጣበቀ ነገር አልፈታም። በዚህ በጋ አንድ ጠዋት ባጃጅ በሬ ላይ ቆመና ጠጉሩ የሸበተ ሰው ዴስክቶፕ ታቅፎ ወረደ። በየነ ነው።

"ሌላ ድልድይ ልንሠራ ነው፣ እትዬ" አለኝ ገና ሳይቀመጥ። "ከላይኛው መንደር። በጉልበት የሚሠራው ሕዝቡ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን 'ወረቀት ላይ መስመር ነው ያለው፣ ድልድይ የት አለ?' አሉ። ሳያዩ አይቆፍሩም። በሚመጣው ሳምንት ይሰበሰባሉ። እስክሪን ላይ ሆነው በላዩ እንዲሄዱ አድርጌ ሠርቻለሁ፤ ይኼ ሽማግሌ ግን አይችልም።" ኬዙን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ከዚያ ከኪሱ አሮጌ ግራፊክስ ካርድ አወጣ፤ ከአዲስ አበባ ወዳጁ የላከለት ነው።

"ሥራህን ሥራ። እኔ ልይ" አልኩት።

ሳቀ። ጋሽ ሐሚድን ያውቀዋል። ንድፉን ከፈተ፤ ሰው በዓይኑ ደረጃ ሆኖ ድልድዩ ላይ የሚራመድበት ሥራ ነው። ማሽኑ ሁለት እርምጃ ሄዶ ደረቀ። ሌላው ሥራው ግን ደኅና ነው፤ ሽማግሌው ገና ጤነኛ ነው፣ የደከመው ዓይኑ ብቻ ነው።

ወረቀቴን ሥዬ ከፈትኩት። ውስጡ የካማሺ ቀይ አቧራ ነው፤ በቀለም ብሩሽ ጠረግኩት። ፓወር ሰፕላዩን ስፈትሽ ሦስት ካፓሲተሮች ሆዳቸው አብጧል፤ ካርድ ቢጨመርበት ባንድ ቀን ይሞታል። ከጓሮዬ ክምችት ደኅናውን መርጬ በቴስተር ለክቼ ተካሁት። የፕሮሰሰሩ ቅባት ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ጠርጌ አዲስ ቀባሁ። የበየነ ወዳጅ አስተዋይ ነው፤ የላከው ካርድ አጭር፣ ቀላል፣ የራሱ የኃይል ገመድ የማይጠይቅ ነው። ላረጀ ማሽን ካርድ ሲመረጥ ትልቅነቱን ሳይሆን የሚበላውን ማየት ነው። ኬዙን ነካሁ፣ ካርዱን ስሎቱ ላይ አስተካክዬ ተጫንኩት። ቀጭ።

አስነሣነው፤ ስክሪኑ ጨለማ። አንዴ ደገምን፤ ጨለማ። ራሙን አወጣሁ መለስኩ፣ ካርዱን አወጣሁ መለስኩ። ከዚያ በየነ ከጀርባ ጎንበስ ብሎ አየና ሳቁ አፈነው፤ የስክሪኑን ገመድ ያሰርኩት ከድሮው ሶኬት ላይ ነው። ጀማሪዎችን ስንቴ የተቆጣሁበት ስሕተት! ገመዱን ወደ አዲሱ ካርድ ስናዞረው ምስሉ መጣ። አዲሱ ድራይቨር፣ ካርዱን ከማሽኑ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ካርዱን አላውቅህም ስላለው አሮጌውን ከፍላሽ ጫንኩለት።

በየነ ድልድዩ ላይ ወጣ። እየተራመደ መሀል ደረሰ፣ ወደ ታች ወንዙን አየ፣ ማዶ ተሻገረ። አልደረቀም።

"ተሻገርን" አለኝና ብሎኗን ከወረቀቱ ላይ አነሣ።

"በየነ፣ ቆይ" አልኩት። "ከማሰርህ በፊት የምነግርህ አለኝ። ያኔ የተቃጠለው ማሽንህ፣ መብራት አይደለም ያቃጠለው። ካርዱን ሳልነቅል የጫንኩት እኔ ነኝ። በመንገድ ተሰብሮ ነበር። ሲሰበር ሰምቼዋለሁ። ዋሸሁህ።"

ብሎኗ በሁለት ጣቱ መሀል ቀረች። ተነሣና ማንጎው ሥር ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። ጎረቤት ውስጥ ሬዲዮ ይሰማል። እኔ እጄን የማደርግበት ጠፋኝ፤ የተጣጠፈ ጨርቅ ዘርግቼ መልሼ አጣጠፍኩ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል።

"ሁለት ጊዜ ነደፍኩት" አለ። "እሱ ግድ የለም፤ እኔ ወጣት ነበርኩ። እናቴ ግን... ልጄ ተወልዳ እናቴ ማዶ ሆና እሳት አነደደች። ጭሱን አይቼ፣ ሰማች ማለት ነው አልኩ። በጭስ ነው የተነጋገርነው፣ እትዬ።"

"አውቃለሁ" አልኩ። ያለቀስኩትም ያኔ ነው።

"ለኔ ነገርሽኝ። ለሷ ንገሪያት። እኔ አስተረጉማለሁ።" ብሎኗን ወረቀቱ ላይ፣ ከወጣችበት ቦታ መልሶ አስቀመጣት። "ይኼ እዚህ አይታሰርም። ካማሺ ነው የሚታሰረው።" ከዚያ ካርዱን ቀስ አድርጎ ነቅሎ ፊቴ አኖረው።

በማግሥቱ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈርን። ኬዙ ከበየነ እግር ሥር ነው፣ ካርዱ በጥምጣሙ ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ። በየነ ብዙ አላወራኝም፤ አልፈረድኩበትም። ጥርጊያው ላይ አውቶቡሱ ሲነጥር ጉልበቴን አንሥቼ እቀበለዋለሁ። ያ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ግን የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ያን መንገድ ሳልሳቀቅ ሄድኩት።

እናቱ በነጋታው በድልድዩ መጡ። ትከሻቸው ላይ መሸከሚያ እንጨት አለ፣ በአንዱ ጫፍ ባሚያ፣ በሌላው ቅል ተንጠልጥሏል። ሸክማቸውን አውርደው ከበሩ ሥር መሬት ላይ ተቀመጡ፤ እኔም ከፊታቸው ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጥሩምባውን፣ "ምን ይሆናል" ማለቴን፣ ውሸቴን። በየነ አስተረጎመልኝ።

እናቱ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ተናገሩ።

"'ያን ክረምት ሙሉ ወንዙን ስረግም ነው የከረምኩት' አለች" አለኝ በየነ።

እሳቸው ደግመው ተናገሩ፤ በዚህኛው ላይ በየነ ራሱ ፈገግ አለ።

"'ነገ አብረን እንወርዳለን። ወንዙን አንቺ ይቅርታ ትጠይቂልኛለሽ' አለች።"

"እሺ በላቸው" አልኩ።

ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የያዝኩትን ጥቅል ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው። ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ በየነ ኬዙን እስኪከፍት ድረስ በሁለት እጃቸው ይዘውት ቆዩ። ካርዱ ገባ፤ ማሽኑ ተነሣ። በየነ እናቱን ከስክሪኑ ፊት አስቀምጦ አዲሱን ድልድይ አሻገራቸው። መሀል ሲደርሱ የወንበሩን ጠርዝ ጨበጡ፣ ማዶ ሲደርሱ ለቀቁት።

ብሎኗን በየነ ለእናቱ ሰጣቸው። በጣታቸው አዙረው አዙረው አልዞር ስትላቸው እሱ በካቻቢቴ ግማሽ ዙር ጨመረላት።

ጋሽ ሐሚድ፣ ኬዙ ተዘግቷል።